እርማት

«ስድስት መቶ ቃል» አለኝ አዘጋጁ፣ «ለእሁድ፣ ቀለል ያለ፤
ስለዚያ ስለ አኮርዲዮን ሙዚቃ፤ ፎቶግራፍም ካለ።»
ሳን አንቶኒዮ፣ ምዕራብ ሰፈር፣ አስፋልቱ ጫማ ሲስም፣
ደረስኩ ከዶን ፊደንሲዮ ጋራዥ፣ ከአኮርዲዮን ሐኪም።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ሳጥን ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል፤
ወናፉ፣ እጥፍ በእጥፍ፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ ገርጥቷል።
«የቴክሳስ ሙቀት ሰሙን ያቀልጣል» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ፣
«ሰሙ ሲሄድ ምላስ ይረግፋል፤ ዝም ይላሉ ሁሉ።»
በሞረድ ጫፍ አንዷን ምላስ ፋቅ አደረጓት፣ ነፏት፤
አዳመጡ፤ አልጣማቸውም፤ እንደገና ፋቋት።

እኔ ጥያቄዬን ደርድሬ፣ ብዕሬን ስዬ ነበር፦
ጀርመኖች ከነፖልካቸው ያመጡት ይህ የሳጥን ነገር
ለጥጥ ለቃሚው ሜክሲኳዊ እንዴት አንደበት እንደ ሆነ፣
ባሆ ሴክስቶ፣ ባለ አሥራ ሁለት ክሩ፣ በምን ውል እንደ ታመነ፣
ቅዳሜ ማታ ውሃ ተርከፍክፎ አቧራው በተኛበት ሜዳ
ስንቱ ጥንድ ሲዞር እንዳደረ — ነገ ማሳ፣ ነገ ዕዳ።

በዓምዴ ስንቱን ዞሬያለሁ፤ የኒው ዮርክን ኮንጋ ጣሪያ ላይ፣
ታምፓ፣ ከሲጋር ጠቅላዮች ልጆች ጋር፣ የስፔንን ጊታር ሳይ፤
«ከየት መጣ?» ነው ጥያቄዬ፤ ካርታ ላይ ቀስት መሳል እወዳለሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ጽፌአለሁ፤
ዛሬም ያንኑ አሙቄ ላቀርብ ነበር የመጣሁ።

እሳቸው ግን ከመሳቢያው ቢጫ የጋዜጣ ቁራጭ አወጡ።
«ያንቺ ናት?»
የእኔ ናት። ስሜ ከላይ፣ ያኔ ገና ኩራተኛ፤
«የፊደንሲዮ ጣቶች» ትላለች፣ «የደቡብ ቴክሳስ ወፍ፣ የማትተኛ።»
(ምን ወፍ? ማን ወፍ አየ? እንጃ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።)

ከዚያ ሸክላውን አስቀመጡ። ጥቁር፣ ጠርዙ የተሸረፈ፤
መርፌው ጫረ፣ አስነጠሰ፣ አንድ ሁለት ዙር አለፈ፤
አኮርዲዮኑ ገባ — አልሮጠም፤ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ፣
በር ላይ እንደ ቆመ እንግዳ፣ የሚቀመጥበትን አይቶ፣
አንድ ድምፅ ይዞ፣ ይዞ፣ አሁን ለቀቀ ስንል ጠብቆ፣
ኋላ ደርሶ ሁሉን ቀድሞ፣ ደግሞ ስቆ።

«ይህ እኔ አይደለሁም» አሉ።
«ኤርሊንዳ ናት።»

«ካንቲናው ሴት አያስገባም፤ የአባቷን ነገር ተይው።
እዚህ ነበር፣ በሩን ዘግታ፣ ከአሮጌ ጎማ መሃል፣ የምትጫወተው።
ሸክላ የሚያትሙት ሲመጡ የሆቴል ክፍል ተከራይተው፣
ፍራሹን ከአልጋ አንሥተው መስኮቱ ላይ አቁመው፣
እሷን አስገቡ። እኔ ኮሪደር ላይ ቆየሁ፣ ሦስት ሲጋራ።
ሲያበቃ፣ የሴት ስም አይሸጥም አሉ፤ የእኔን ጻፉ።
ሳቀችና ‹በል ይጨብጨብልህ› አለችኝ።
ያንቺ ጋዜጣ ሲወጣ ቅጂ ገዛሁ፣ አሥራ አንድ።
አሥራ አንድ።
አንዱን ለእሷ ሰጠኋት።»

በመጋቢት ሞታለች። ቀዩ ሳጥን የእሷ ነበር።

ዘግተው፣ ማንገቻውን አጥብቀው፣ ጭኔ ላይ አኖሩት፦ «ግፊው።»
ገፋሁት። ሁሉም ተቃኝተዋል፤ አንዷ ብቻ፣
ያቺ ሲፍቋት የነበሩት፣ ጥቂት ዝቅ ትላለች።
«ይህቺ ቀርታለች» አልኩ።
«አውቄ ነው» አሉ። «እንዲያ ነበር የምትወዳት።»

ለአዘጋጁ ደወልኩ። «ስድስት መቶው ቃልስ?»
«የለም» አልኩት፣ «እርማት ነው ያለኝ።»
«እርማት ሦስት መስመር ነው» አለ፣ «ገጽ ሁለት፣ ከአየር ትንበያው ግርጌ።»
እርማት ልጽፍ ተቀምጬ እርም የማወጣ መሰለኝ፤
የማላውቃት ሴት ለቅሶ፣ ይኸው ዛሬ፣ ደረሰኝ።

በሸክላው ላይ አኮርዲዮን የተጫወተው ፊደንሲዮ ሳላዛር ነው
ማለታችን ስህተት ነበር። የተጫወተችው
ኤርሊንዳ ሳላዛር ናት።

ሦስት መስመር። ወፍ የለበትም።